ሥራው የት ላይ ቆመ? ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከሶርስ ኮድ ለሚያሠሩ ነጋዴዎች

በሐረር ጁገል፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ‹‹መኪና ግርግር›› የተባለው በልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ፈላጊ የተሰፋውን ይገዛል፤ አለዚያም ጨርቅ ገዝቶ በልኩ ያሰፋል። የኮምፒዩተር ኦፕሬቲንግ ሲስተምም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ነጋዴ የሚጠቀመው ተሰፍቶ ያለቀውን ነው። እንደ ሊኑክስና ፍሪ ቢኤስዲ ያሉት ግን ‹‹ጨርቃቸው››፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ የተጻፉበት ሶርስ ኮድ፣ ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ባለቤቱ በራሱ ማሽን ላይ እንደገና ሊያሠራቸው ይችላል።

ይህ የሚደረገው የደኅንነት ቀዳዳ ለመድፈን ወይም የማያስፈልገውን ክፍል ለመቀነስ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው በመካከል ሲቆም ነው። የዕቃ መዝገቡና የዱቤ ሒሳቡ በዚያው ማሽን ላይ ካለ፣ የቆመው ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ሱቁም ጭምር ነው። ባለሙያው ‹‹ሚሞሪ ይቀየር›› ይላል፤ ነጋዴው ይከፍላል፤ ሥራው ግን ተመልሶ ይቆማል። በመሆኑም ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት። ሥራው የት ላይ ቆመ?

ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በሶርስ ኮዱ ወይም በአሞላሉ ነው። ለዚህ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በየጊዜው በተለያየ ቦታ፣ በተለይም ‹‹ሲግናል 11›› እያለ የሚቆም ከሆነ ግን ሚሞሪው፣ ሙቀቱ ወይም የኃይል ማከፋፈያው ይጠረጠራል። ያኔም ቢሆን በቅድሚያ አቧራው ይጠረግ፣ ማቀዝቀዣው መዞሩ ይታይ፣ ሚሞሪውም በውሰት ተቀይሮ ይሞከር።

ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ሲታዘዝ በመጨረሻ የሚታየው መስመር እውነተኛው ስሕተት ላይሆን ይችላል። አንድ በአንድ እንዲሠራ አድርጎ መድገም ጥፋተኛውን ያጋልጣል። ሚሞሪ አንሶት ከሆነም የሥራውን ብዛት መቀነስ ይበቃው ይሆናል። ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነም መመልከት ተገቢ ነው።

በእኛ ዘንድ ልዩ ትኩረት የሚሻው ሰዓትና ዘመን ነው። ‹‹ሜክ›› የሚባለው አሠሪ ፕሮግራም የትኛው ፋይል እንደገና ይሠራ የሚለውን የሚወስነው የፋይሎቹን ሰዓት በማመሳከር ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ለኮምፒዩተር 13 ሰዓት ነው፤ 7 ብሎ የሞላ ሰው ማሽኑን 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል። የኛን 2018 የሞላ ደግሞ ማሽኑን የፈረንጁ 2018 ውስጥ አስገብቶታል። በሥራው መካከል ሰዓቱ ሲታረም ወይም የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ አሠሪው አሮጌውን አዲስ፣ አዲሱን አሮጌ ያደርገዋል። ሶርስ ኮዱን ከኢንተርኔት ለማውረድ ሲሞከርም የምስክር ወረቀቱ ‹‹ጊዜው ገና አልደረሰም›› ተብሎ ሊከለከል ይችላል። መድኃኒቱ አንዲት ትንሽ ባትሪና የተስተካከለ ሰዓት ነው።

መብራት ቢጠፋስ? እዚህ ላይ ሁለቱን ደረጃዎች መለየት ያስፈልጋል። በፍሪ ቢኤስዲ ሲሠራ የሚገነባው ነገር የሚቀመጠው ለብቻው ነው፤ ነባሩ ሲስተም አይነካም። በዚህ ደረጃ መብራት ቢጠፋ በግማሽ የቀረውን ሰርዞ እንደገና መጀመር ነው፤ የሚከስረው ጊዜ ብቻ ነው። የተሠራው በነባሩ ላይ ሲጫን ግን መቋረጥ ግማሹን አዲስ፣ ግማሹን አሮጌ አድርጎ ያስቀራል። ስለዚህ ጭነቱ ዩፒኤሱ ሞልቶ፣ መዝገቡም በሌላ ዲስክ ተገልብጦ ካልሆነ በስተቀር አይጀመር።

ቅደም ተከተሉም አይዛባ። መጀመሪያ አዲሱ ከርነል ይጫናል፤ ማሽኑ ተዘግቶ በእርሱ ይነሣል፤ ከዚያ ቀሪዎቹ ፕሮግራሞች ይከተላሉ። ምክንያቱም አዲስ ከርነል የቀድሞ ፕሮግራሞችን በአብዛኛው ያስተናግዳል፤ አሮጌው ከርነል ግን አዲሶቹ የሚጠይቁትን ላያውቅ ይችላል። አዲሱ አልነሣ ካለም የቀድሞው ከርነል በመጠባበቂያነት ስለሚቀመጥ በእርሱ መነሣት ይቻላል።

ለአብዛኛው ሱቅ የተሰፋው ይበቃል። በልኬ ላሰፋ የሚል ነጋዴ ግን ገበያ በሚደራበት ቀን አያስጀምር፤ በቅድሚያም በሌላ ማሽን ያስሞክር። ባለሙያው ሒሳብ ሲያቀርብም ሥራው በየጊዜው የቆመበት መስመርና ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት ይጠይቅ። ያንን ያላየ ነጋዴ የሚከፍለው ለጥገና ሳይሆን ለግምት ነው።