የፓራፋንጎው ቀይ ብናኝ

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ አርፎ አያውቅም። ጥር ላይ የአሮጌዋ ቀይ ኮሮላችን ፓራፋንጎ በዝገት ተበልቶ ሲያይ «አዘገጃጀቱን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ቀለሙን ብቻ ጋራዥ ይቅቡት» አለና ግቢያችን ውስጥ ፍተጋውን ጀመረ። ወቅቱን አልተሳሳተም። ደብረ ታቦር በክረምት እርጥበቱ አይጣል ነው፤ እርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ውሎ አድሮ ያብጣል።

ያሰጣሁትን ልብስ ላነሳ ስወጣ ነጩ አንሶላ ላይ ቀላ ያለ ዱቄት ተነስንሷል። የሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ ጎማው አጠገብ ቁጭ ብሎ ጣቱን ብናኙ ውስጥ እየነከረ ይልሳል።

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ? ቀለም እኮ ነው» አለኝ።

ቀለም መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። በድሮ የመኪና ቀለሞች፣ በተለይ በቀይና በቢጫዎቹ፣ እንዲሁም በብርቱካንማው ፀረ ዝገት ውስጥ እርሳስ ይገባ ነበር፤ የመጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃናት የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ወደ ደማቸው ያስገባሉ፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አይታወቅም። የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የእኛ መኪና ግን ከደንቡ ብዙ ዓመት ትቀድማለች።

የልጁን እጅና አፍ በሳሙና አጠብኩ። ደሙን ላስመረምር ብዙ ጠየቅሁ፤ አልተሳካልኝም። ይሮጣል፣ ይጫወታል። የእርሳስ ጉዳት ግን በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም፤ ስንት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቼ ይህን የቤቴን ጉድ ቀድሜ አለማየቴ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ሥራውን አልከለከልኩትም፤ አሠራሩን ግን ቀየርነው። ልጁ ወደ እናቱ ቤት ሄደ፣ ዶሮዎቹ ተዘጋባቸው፣ ከመኪናዋ ሥር ላስቲክ ተነጠፈ። መጀመሪያ ፓራፋንጎው በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ ተጠረገ። ቅባቱ ሳይነሳ ከተፋቀ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ አዲሱ ቀለምም አይይዝም። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነካ ፋቀ፤ አንደኛ 180 ቁጥር፣ ቀጥሎ 320፣ የአሮጌው ቀለም ጠርዝ ለጣት እስከማይታወቅ ድረስ። ውኃው ብናኙን ይይዘዋል።

ስቱኮው ግን ውኃ ስለሚጠጣ በደረቁ ነው የሚፈተገው። ለዚህ ከኮሮና ጊዜ የተረፈኝን ኤን 95 ጭምብል ሰጠሁት። ሰማያዊዋ ተራ ጭምብል በጎን ስለምታስገባ ለደቃቅ ብናኝ አትሆንም። ብረቱ በተጋለጠበት ቦታ ፀረ ዝገቱን በዚያው ቀን ቀባው፤ በእኛ አገር ጤዛ አንድ ሌሊት ካደረ ዝገቱ ይመለሳል። ላስቲኩ ላይ የተጠራቀመውን ጭቃ ወደ ጎመን መደባችን እንዳይደፋው ቆሜ ጠበቅሁ። ልብሱም ለብቻ ታጠበ። መርጫውን ለጋራዥ ተውነው፤ ማጠንከሪያ የሚጨመርበት የመኪና ቀለም ሲረጭ አስም የሚያስነሳ ኬሚካል አለው፤ የእኔም ጭምብል አያቆመውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቴ ቲነሩን ያስቀመጠው በሃይላንድ ጠርሙስ ነበር! በሥራ ዘመኔ ላምባ ውኃ መስሏቸው የጠጡ ልጆች አይቻለሁ። እናቶች ደንግጠው ያስታውኩታል፣ ወተት ይግቱታል። ሁለቱም አይደረግም። ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ገዳዩም እሱ ነው። ልጁንም ጠርሙሱንም ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። የእኛ ቲነር አሁን በራሱ ቆርቆሮ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው።

ፓራፋንጎው ተቀብቶ መጣ። ከበሩ ትንሽ ይደምቃል፤ ባለቤቴ ግን «ሲስተር፣ ዓይንሽን ተመርመሪ» ይለኛል።