በቀቀን ለስድብ፣ ዘማሪ ወፍ ለሽቦ ሣጥን?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በየመሥሪያ ቤቱ ነገሩ ሳይገባው የሰማውን የሚደግም ሰው «በቀቀን» ይባላል። እዚህ ደብረ ማርቆስ ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዘማሪ ወፍ ጫጩት ከጎጆዋ አስወጥቶ በሽቦ ሣጥን ለማሳደግ ማሰቡን ነገረኝ። በሁለቱም ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለአንባብያን ላካፍል እወዳለሁ።

ድምፅን ሰምቶ መማር ለወፍ ሁሉ የተሰጠ አይደለም። ዶሮ ጩኸቷን ሳትማር ታውቀዋለች፤ በቀቀኖችና ዘማሪ ወፎች ግን ይማራሉ። በቀቀንም ባዶ ደጋሚ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ምሁር አይሪን ፔፐርበርግ ከ1977 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ያስተማሩት አሌክስ የተባለው ግራጫ በቀቀን፣ የዕቃዎችን ቀለምና ቅርፅ ለይቶ ይናገር፣ እስከ 6 ድረስም ይቈጥር ነበር። እንግዲህ ሳያስተውል የሚያነበንበውን ሰው በበቀቀን መመሰል ወፉን መበደል ነው።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ስንመጣ፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዊሊያም ቶርፕ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቻፊንች የተባሉትን ወፎች ጫጩቶች ከታላላቆቻቸው ለይተው ቢያሳድጓቸው፣ የወጣላቸው ዜማ ያልተሟላ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ባሉበት አገር፣ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ካልተማረ ቅኔም ዜማም እንደማይሆንለት ማን ያጣዋል? ትውፊታችንም ቅዱስ ያሬድን በሰው ቋንቋ አነጋግረው ወደ ዜማው የመሩት ከገነት የተላኩ 3 አዕዋፍ እንደ ነበሩ ይነግረናል። ስለዚህ ከወላጁ የተለየ ጫጩት በሣጥን ቢታሰር፣ ባለቤቱ የተመኘውን ዜማ ላይሰማ ይችላል።

ደግሞስ ማሰር ለምን ያስፈልጋል? ደረቱ ብርቱካን የመሰለ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው አንድ ትንሽ ወፍ በደጋችን ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ፣ ሲነጋና ሲመሽ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እያስመሰለ ይዘምራል። ሳይንስ ኮሲፋ ሰሚሩፋ ይለዋል። ግንባሩ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀንም የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ የበቀቀኖችም የውጭ ንግድ አገራችን በ1989 እ.ኤ.አ. በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ነው።

እንግዲህ ዜማ ወዳድ የሆነ ሁሉ በግቢው ዛፍና ቁጥቋጦ ይትከል፤ በገል ውሃ ያስቀምጥ፤ ልጆቹንም ከጎጆ ጫጩት እንዳያወርዱ ይምከር። ወፉ ደመወዝ ሳይጠይቅ በየማለዳው ሥራውን ይገባል፤ ጫጩቶቹም ከእርሱ እየሰሙ ዜማውን ለከርሞ ያቈዩልናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከደብረ ማርቆስ