የሒሳብ ቀመርና የሚጻፍበት ሰሌዳ

ማንኛውም ነጋዴ ሠራተኛውን በሁለት መንገድ ሊያዝዝ እንደሚችል ያውቃል። አንደኛው ሥራውን በየእርምጃው መንገር ነው፤ ይኸውም «መጋዘኑን ክፈት፤ ኩንታሉን ቁጠር፤ ከአሥር ቢያንስ ወደ አከፋፋዩ ሂድና የጎደለውን አምጣ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ግን «በመጋዘኑ ያለው ስኳር ከአሥር ኩንታል እንዳያንስ» ብሎ የሚፈለገውን ብቻ መግለጽና አፈጻጸሙን ለሠራተኛው መተው ነው። ኮምፒዩተር የሚታዘዝባቸው ቋንቋዎችም እንደዚሁ በሁለት ይከፈላሉ። የሚፈለገውን ብቻ የሚናገሩትን በዚህ ጽሑፍ ገላጭ ቋንቋዎች ብለን እንጠራቸዋለን።

ይህ ጉዳይ የሊቃውንት ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ቢኖር፥ እርሱ ራሱ በየቀኑ ሲሠራበት መዋሉን ሊገነዘብ ይገባዋል። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው ቪዚካልክ የተባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ፥ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ኤክሴል፥ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በአንዱ ሳጥን ውስጥ «ይህ የእነዚያ የሁለቱ ብዜት ነው» የሚል ቀመር ከተጻፈ፥ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚሰላ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። በባንኮችና በትልልቅ ድርጅቶች ከመዝገብ መረጃ ለማውጣት የሚያገለግለው ኤስኪውኤል የተባለው ቋንቋም የዚሁ ወገን ነው።

መንገዱን ለኮምፒዩተሩ መተው ድካምን ያቃልላል። ነገር ግን ውጤቱ በተሳሳተ ጊዜ ስሕተቱ በየት በኩል እንደገባ ለማወቅ ያዳግታል። ስለዚህም ቀመሩ የሚጻፍበት፥ የሚመረመርበትና የሚታረምበት ሰሌዳ አሠራር ከቋንቋው ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለምሳሌ በሰባታሚት ላሉ ባለሱቆች ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ የባሕር ዳር አስመጪ አለ እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ። አስመጪው የዶላሩን ዋጋ በአንድ ሳጥን ብቻ ጽፎ ቀመሮቹ ሁሉ ከዚያ እንዲወስዱ አድርጎ ከነበረ፥ አንድ ቁጥር ለውጦ የዋጋ ዝርዝሩን በሙሉ አደሰ። ነገር ግን 57ን በየቀመሩ ውስጥ ጽፎ አንዱን ረስቶ ከነበረ፥ በመቶ ዶላር የተገዛው ዕቃ በ5,700 ብር ተመዝግቦ ይቀራል፤ በ75 ብር ሒሳብ ምትኩን ለማምጣት ግን 7,500 ብር ያስፈልጋል። በአሥር ዕቃ 18,000 ብር ይጎድላል ማለት ነው። ሰሌዳው የታደሰውንም የተረሳውንም ቁጥር በአንድ መልክ ስለሚያሳይ፥ ዓይን አይለያቸውም።

እንዲህ ያለው ጉዳት በታላላቅ ድርጅቶችም ደርሷል። ጄፒ ሞርጋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከከሰረ በኋላ ባወጣው የምርመራ ዘገባ፥ አደጋ በሚለካበት ሠንጠረዥ ውስጥ ለሁለት ቁጥሮች አማካይ መካፈል ሲገባው ለድምራቸው የሚያካፍል ቀመር መገኘቱን ገልጧል። የኪሳራው ምክንያት ይህ ብቻ ባይሆንም፥ አደጋው ከእውነተኛው መጠን አንሶ እንዲታይ ረድቷል።

እንግዲህ መልካም ሰሌዳ አራት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባዋል።

አንደኛ፥ ቀመሩ «ሲ7» በማለት ፈንታ «የዶላር ዋጋ» ብሎ በስም እንዲናገር ማድረግ ነው። ኤክሴል ለሳጥን ስም ለመስጠት ይፈቅዳል፤ ሆኖም ተጠቃሚው ካልጠየቀ በራሱ አያቀርበውም።

ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ውጤት ከየትኞቹ ቁጥሮች እንደተገኘ ማሳየት ነው። በኤክሴል ውስጥ የቀመሩን ምንጭ በቀስት የሚያመለክት ትእዛዝ አለ። ይህን ትእዛዝ መልመድ የደረሰኝን ቅጂ ከመያዝ የሚለይ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ቀመሩን በሚታወቅ ሒሳብ መፈተን ነው። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበት 115 ብር ቢሰጠው፥ ታክሱ 15 ብር ነው ሊል ይገባዋል። 17 ብር ከ25 ሳንቲም ካለ፥ ጠቅላላውን ዋጋ በቀጥታ በ15 በመቶ አባዝቷል ማለት ነው። መልካም ሰሌዳ እንዲህ ያለውን ፈተና ከቀመሩ ጎን አስቀምጦ፥ ቀመሩ በተነካ ቁጥር ደግሞ ይፈትናል።

አራተኛ፥ የአገሩን ልማድ ማወቅ ነው። ቀን አስቀድሞ በሚጻፍበት አቀማመጥ፥ ነጋዴው የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚከፈለውን ዱቤ 30/6/2016 ብሎ ቢጽፍ፥ ሰሌዳው በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቦ ሰኔ 23 ቀን 2008 ዓ.ም. አድርጎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ፥ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያው ዱቤ ሳይደርስ ያለፈበት ይመስላል፤ ሁለተኛው ከቀን ሒሳብ ውጪ ይሆናል።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች ለነጋዴ የሚሆን ሰሌዳ ለመሥራት ቢያስቡ፥ አስቀድመው ከሒሳብ ያዡ አጠገብ ተቀምጠው አሠራሩን ቢመለከቱ ይበጃል። ነጋዴውም በበኩሉ የዋጋ ዝርዝሩን ለደንበኞቹ ከመላኩ በፊት፥ የዶላሩን ዋጋ ለሙከራ በእጥፍ አድርጎ ይጻፍና የትኛው ዋጋ ሳይነቃነቅ እንደቀረ ይመልከት። ሳይነቃነቅ የቀረው ዋጋ ከውጭ የመጣ ዕቃ ዋጋ ከሆነ፥ መመርመር ያለበት ቀመር ያ ነው።