«ገና ቡችላ ነው»

በወላይታዋ ቦዲቲ ከተማ ቡችላ በገንዘብ የሚገዛ ብዙ ሰው የለም። የጎረቤት ውሻ ትወልዳለች፣ ልጆች አንዱን አቅፈው ይመጣሉ፣ ቤተሰቡ ስም ያወጣለታል። የአባ ሰንጋ ክትባት መጣ ሲባል በሬውን በማለዳ ነድቶ የሚወጣው አባወራ ግን ቡችላውን ይዞ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሲሄድ ብዙም አይታይም። ለምን ቢሉት «ገና ቡችላ ነው፤ ምን ይሆናል?» ይላል።

ከዚህ መልስ ሥር ያለው ከባዱ ስህተት ቡችላ አያብድም የሚለው እምነት ነው። ያብዳል። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ረሃብም፣ ፀሐይም፣ ጥሬ ሥጋም ውሻን አያሳብዱም። ቫይረሱ በታመመ እንስሳ ምራቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በንክሻ ይተላለፋል፤ የተነከሰው ስንት ወሩ እንደሆነ አይመርጥም። ምልክቱ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ስለሚፈጅ፣ እናቱ ጉያ ሳለ የተነከሰ ቡችላ አዲሱ ቤት ከገባ በኋላ ሊታመም ይችላል። ልጆች ደግሞ ከትልቅ ውሻ ይሸሻሉ እንጂ ከቡችላ አይሸሹም፤ ፊታቸውን ያስልሱታል፣ ጣታቸውን ያጎርሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በየዓመቱ ይሞታሉ ብሎ ከሚገምታቸው ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ወደ ሰው የሚመጣውም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከውሻ ነው።

ያበደ ውሻ ሁሉ አረፋ እየደፈቀ ሰፈር ለሰፈር ይሮጣል ማለትም ልክ አይደለም። አንዳንዱ ዝም ይላል። መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህን ዝምተኛውን ነው።

ክትባቱ በተለምዶ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ ዓመት ሲሞላ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በክትባቱ ዓይነት ቀን ይቆርጣል። «አንዴ ተወግቷል» ለዕድሜ ልክ አይሆንም። ከግቢ የማይወጣ ውሻም ቢሆን ባለቤት አልባ ውሻ በአጥር ቀዳዳ ሲገባ ሊነከስ ይችላል። ንክሻ ከደረሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ነው። ምልክት ከወጣ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የመድኃኒተኛው ቅጠልም ያው ነው። ድሮ በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን እያሰበ የሚሸሽ ሰው ካለ፣ አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው፤ መርፌውም ጥቂት ነው።

ወደ ሆድ እንምጣ። ሆዱ የተነፋ ቡችላ «ጠግቦ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ትል ነው። ወስፋት በእናቱ ማህፀን ሳለ ሊገባበት ይችላል፤ በጡትም ይተላለፋል። ስለዚህ የትል መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ሦስት ወር ይደጋገማል። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ አፈር በነካ እጁ የሚበላ ሕፃን ከዋጠው ትሉ ጉበቱን አልፎ ተርፎም ዓይኑን ሊጎዳ ይችላል። ይህን የሰማ ሰው ለጥጃ የተገዛውን ኪኒን ቆርሶ እንዳይሰጥ፤ መጠኑ በኪሎ የሚሰላ ነው። ለከብት መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን ደግሞ ለቡችላ መርዝ ነው።

የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው የጊፋታና የመስቀል ሰሞን የእርድ ወቅት ነው። ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ጉበትና ሳንባ ቆርጦ ለውሻ መወርወር እንደ ቸርነት ይቆጠራል። ከዚያ በውሻው አንጀት የሚያድገው ትንሽ የኮሶ ትል እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ወደ ሰው ሲገባ ያው እባጭ በሰው ጉበት ላይ ይበቅላል። ይቀቀል፤ ካልሆነም ጥልቅ ተደርጎ ይቀበር። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንም ከዚሁ ሰሞን አይርቅም፤ ሴፕቴምበር 28 በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። ክትባቱን ያገኘው ሉዊ ፓስተር በ1895 እ.ኤ.አ. ያረፈበት ዕለት ነው።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት በሁለት በሦስት ቀን የሚሞት ቡችላ «ተመርዞ ነው» ተብሎ ጎረቤት ይታማበታል። ከብዙዎቹ ጀርባ ያለው ግን ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ነው፤ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ክትባት አለው፤ ግን እንደ አዲስ አበባ የግል ክሊኒኮች በየከተማው ላይገኝ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ክሊኒክ ሲሄዱም ቡችላውን በካርቶን ወይም በጉያ ይዞ መሬት አለማስነካት ይበጃል።

«ክሊኒኩ የከብት ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ደጁ ላይ የሚሰለፈው ከብት ነው፤ ባለሙያው ግን ውሻንም ተምሯል። በቅርብ ያለው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ባለሙያው መጀመሪያ ቀን የሚሠራው ቀላል ነው፤ ይመዝናል፣ ሙቀት ይለካል፣ ልብ ያዳምጣል፣ እምብርትና ድድ ያያል። ሰው የወሬ ዕድሜ ስለሚናገር አፉን ከፍቶ ጥርስም ያያል። የፊት የወተት ጥርስ በቋሚ መተካት የሚጀምረው ወደ አራተኛው ወር ግድም ነው። ክትባቱ ዛሬ ይሰጥ ወይስ ይቆይ የሚለውንም ከዚህ ይገምታል፤ የሚቀጥለውን ቀን በካርድ ላይ ይጽፍላችኋል።