«የግድግዳ ቀዳዳ» ምግብ ቤት ይሆናል እንዴ?

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጓደኛችሁ «ዛሬ ምሳ የምንበላው ‹ሆል ኢን ዘ ዎል› ነው» ቢላችሁ ምን ትረዳላችሁ? ቃል በቃል ሲተረጎም «ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ» ነው። እሱ ግን የሚያወራው ስለ አንዲት ጠባብ፣ ጌጥ ስለሌላት፣ ካላወቋት አልፈዋት ስለሚሄዱ ምግብ ቤት ነው።

እንዲህ ዓይነቱን አነጋገር ፈሊጥ እንለዋለን። የፈሊጥ ትርጉም የቃላቱ ድምር አይደለም። እኛም «ሆደ ሰፊ» ስንል የምናወራው ስለ ትዕግሥት እንጂ ስለ ሆድ ስፋት አይደለም።

አንድ ፈሊጥ ከአንድ በላይ ትርጉም ሊኖረውም ይችላል። ብሪታንያ ውስጥ በዚሁ አባባል ባንክ ግድግዳ ላይ የተገጠመውን ኤቲኤም ይጠሩበታል። ስለ ምግብ ቤት ሲነገርም ሁለት መልክ አለው። አንዱ ለንቀት ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «ቤቷን አትዩ፣ ምግቧን ቅመሱ» ለማለት። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ከፊትና ከኋላ ያለው ንግግር፣ እንዲሁም የተናጋሪው ድምፅ ነው።

አሁን ፈሊጡን ይዘን ደቡብ ጎንደር እንሂድ። በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ለዚህ አባባል የምትቀርበው ቤት የትኛዋ ናት? ጠላ ቤት ናት ብንል አንሳሳትም። በደጋው አገራችን ብዙ ቦታ ጠላ ቤት ታፔላ አያስፈልጋትም፤ ደጃፍ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ «ጠላ አለ» ማለት ነው።

ታዲያ ጠላ ሻጯን «እማማ፣ ቤትዎ የግድግዳ ቀዳዳ ነው» ብትሏቸውስ? ስድብ ይሆናል! የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። እዚያ የግድግዳ ቀዳዳ ማለት ነፋስ ማስገቢያ ነው፤ ግድግዳው በጭቃ የሚመረገውም ለዚሁ ነው። በእንግሊዝኛ ምስጋና የነበረው፣ በአማርኛ «ቤትዎን መድፈን አቅቶዎታል» ሆኖ ቁጭ ይላል። በዚያች ቤት ልጅ ለሚያሳድጉ እናት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ፈሊጥ ስትተረጉሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሚያወራው ስለምንድን ነው? እያደነቀ ነው ወይስ እየናቀ? አድናቆት ከሆነ ቀዳዳውን እዚያው ተዉትና «ቤቷ ትንሽ ናት፣ ጠላዋ ግን አንጀት ያርሳል» በሉ። «አንጀት ያርሳል»ም ራሱ ፈሊጥ ነው፤ እስቲ ለእንግሊዛዊው ጓደኛችሁ ቃል በቃል ተርጉሙለትና ፊቱን እዩት።