ራስን ሳይገርፉ ራስን መጠየቅ

ቴዎድሮስን የማያውቅ የለም። ደባርቂንስ? በመተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ እንዴት እንደወደቁ የሚተርክላችሁ አታጡም። ደባርቂን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ሽንፈት ስለሆነ ይሆናል። እኔ ደግሞ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚያው ሽንፈት ነው፤ ሰው ስህተቱን በምን ዓይን ቢያየው እንደሚጠቅመው ለማስረዳት፣ ከዚህ ቆላ ከእሱ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1840 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ገና አልነገሠም። ጦሩን አስከትሎ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወረደና ደባርቂ ላይ የግብፅን ጦር ገጠመ። ወኔ አልጎደለም። ከወዲያ ያለው ግን ምሽግ ይዟል፣ መድፍ ጠምዷል፣ ወታደሩም በትእዛዝ መተኮስ የሠለጠነ ነው። የካሳ ሰው እንደለመደው ፎክሮ ገባ፤ ብዙው እዚያው ቀረ።

እንዲህ ተመትቶ ለተመለሰ ሰው ሁለት አቋራጭ አለ። አንደኛው ማመካኘት ነው፦ ቀኑ ከፋ፣ እገሌ ከዳኝ፣ ዕጣ ፈንታዬ ነው። ሁለተኛው ራስን መርገም ነው፦ ድሮስ ለእኔ ምን ይሆንልኛል! ይህኛው ትሕትና ይመስላል፤ አይደለም። «እኔ ከንቱ ነኝ» ያለ ሰው መመርመሩን አቁሟል። ከንቱ ከሆነማ ምን የሚመረመር ነገር አለው?

ካሳ ከሁለቱም ወጣ። በልቡ የነበረውን ማን ያውቃል፤ ሥራው ግን ይናገራል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ሥርዓት ያለው ጦርና መድፍ ከደባርቂ በኋላ ከሐሳቡ አልወጡም። በ1845 አይሻል ላይ የራስ አሊን ጦር ድል አደረገ፣ በ1847 ነገሠ፣ ኋላም ጋፋት ላይ ፈረንጆች ሰብስቦ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠራ። ከዚህ ተነስቼ ስገምት፣ ከደባርቂ ይዞት የተመለሰው ጥያቄ «ምን አሸነፈን?» የሚል ነበር እንጂ «ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?» የሚል አልነበረም።

ይህን ልዩነት በየዓመቱ ሰሊጥ ማሳ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰሊጥ አመለኛ ሰብል ነው። ቶሎ ቢያጭዱት አልበሰለም፤ ቢዘገዩበት ማቀፊያው ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በመሃል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ካልደረሰ ባለማሳው ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። ሰሊጡ የረገፈበት ሰው «እኔ መቼም አይሳካልኝም» ካለ ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ። «ሠራተኛውን ስንት ቀን ቀድሜ ማነጋገር ነበረብኝ? ሁሉንም ማሳ ባንድ ሳምንት መዝራቴስ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አላደረሰብኝም?» ካለ ግን መልስ ያለው ጥያቄ ጠየቀ።

የሠራተኛው ደግሞ ይብሳል። በዚያ ሙቀት አጎንብሶ ሲያጭድ ከርሞ፣ የተቀበለውን ከፊሉን ለምግብና ለብድር፣ ከፊሉን ለአረቄ አውሎ፣ ታኅሣሥ ላይ መናኸሪያ በር ቆሞ «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ?» የሚለውን ልጅ አስቡት። ያፈረ ሰው ሒሳቡን መቁጠር አይወድም። ካልቆጠረ ደግሞ ገንዘቡ በየት እንደወጣ አያውቅም። ስለዚህ አገሩ አይገባም፤ ወደ ጥጥ ለቀማው ይሻገራል፣ ለከርሞም ያው ነው። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ራሱን እንዳይደበድብ ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

አሁን ወደ ተመራማሪዎቹ ልውሰዳችሁ። አሜሪካዊቷ ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ለራስ መራራት ምን ማለት እንደሆነ ስትጽፍ ሦስት ነገር አነሳች። ለወዳጅህ በምትናገርበት አንደበት ለራስህም ተናገር። መውደቅ የሰው ሁሉ ዕጣ እንጂ ያንተ ብቻ እንዳልሆነ እወቅ። የሆነውን ሳታገንነውም ሳትሸፍነውም በልኩ እየው። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ለእኔ ዋናዋ እሷ ናት።

«ይሄማ ራስን ማሞላቀቅ ነው» የምትሉ አላችሁ፤ ይገባኛል፣ ያደግነው «ካልተገረፈ አይማርም» ሲባል እየሰማን ነው። ግን ይህን ስሙ። ጁሊያና ብሬንስና ሴሬና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሆን ተብሎ የከበደ የቃላት ፈተና አስፈተኑ። ከዚያ አንዱን ቡድን «ፈተናው ለብዙ ሰው ይከብዳል፣ በራስህ ላይ አትጨክን» አሉት። ሌላውን «እዚህ ትምህርት ቤት የገባኸው ጎበዝ ብትሆን ነው» ብለው አሞገሱት። ሦስተኛውን ምንም አላሉትም። ለሁለተኛው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ ያጠናው ማን ይመስላችኋል? በራስህ አትጨክን የተባለው! ሙገሳው እንኳ ያን ያህል አልሠራም። እኔ ሲገባኝ ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ዱላ እንደማይጠብቀው ያወቀ ሰው የወደቀበትን ወረቀት መልሶ ለማየት ይደፍራል።

እዚህ አገር ለዚህ ነገር የቆየ ሥርዓት አለን። የንስሐ አባት ያለው ሰው ጥፋቱን ለሚሰማው ሰው ይናገራል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ ይፈጽማል፤ ከዚያ ጉዳዩ ያልቃል። ማለቁን ልብ በሉልኝ። ጥፋቱ አልተካደም፣ ቅጣቱም አልቀረም፤ ግን ዳርቻ አለው። ሌሊት ጣራ ጣራ እያዩ ያንኑ ነገር ሲያመነዥኩ ማደር ዳርቻ የለውም።

ዳርቻ ያጣ ጸጸት ምን እንደሚያደርግ ያው የደባርቂው ሰው መቅደላ ላይ አሳይቶናል። ሚያዝያ 1860 በቁጣ ብዙ እስረኞችን ገደል አስወረወረ፤ ሌሊቱን ሲጸልይና ሲጸጸት አደረ ይባላል። በዚያው ሰሞን በሽጉጥ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረና ተረፈ፤ ሚያዝያ 6 ግን አልተረፈም። ያ ሁሉ ጸጸት ለማንም አልጠቀመም፣ ለእስረኞቹም ለእሱም። መቅደላ ድረስ ከመጣበት የእንግሊዝ ጦር በፊት የገዛ ሰዎቹ ከእሱ ርቀው ነበርና ሽንፈቱን በዚህ ብቻ አላስረዳም። ግን ለሰው ምሕረት ያጣ፣ ለራሱም አጣ።

አንድ የምትሞክሩት ነገር ላቀብላችሁ። ሰሎሞን የሰውን ሁሉ ሙግት ፈርዶ የራሱን ቤት ያበላሸ ንጉሥ አይደል? ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ ፈተሹት። ሰዎች የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛቸው ከዳቸው እንበል ተብለው ስለራሳቸው ሲያስቡና ያው በወዳጃቸው ላይ ደረሰ ተብለው ሲያስቡ፣ ለወዳጃቸው የሚያስቡት የበለጠ አስተዋይነት ያለው ሆነ። ደስ የሚለው የሚቀጥለው ነው፦ የራሳቸውን ጉዳይ እንደ ሌላ ሰው ሆነው ራቅ ብለው እንዲያዩት ሲደረግ ልዩነቱ ጠፋ። ስለዚህ ወረቀት አውጡና ስማችሁን ጽፋችሁ ጀምሩ፤ «እኔ» አትበሉ፣ «እሱ» ወይም «እሷ» በሉ። እሱ ስንት ተቀበለ? ለማን ሰጠ? አረቄ ቤት የገባው ሰኞ ሰኞ ነው ወይስ ደመወዝ በተከፈለው ማታ?

የመናኸሪያው ልጅ እንዲህ ቢጽፍ ሁለት ዓምድ ያስፈልገዋል። በአንዱ ዝናቡ፣ የሰሊጡ ዋጋ፣ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋው መንገድ ይገባሉ፤ እነሱ የእሱ ጥፋት አይደሉም፣ እንደ እሱ ጥፋት ሊቆጥራቸውም አይገባም። በሌላው አረቄው፣ ከማይሆን ሰው የተወሰደው ብድር፣ ደመወዙን በየሳምንቱ በጥሬው መቀበሉ ይገባሉ። ይህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ከፈራነው አጭር ነው። ብድሩ በመራራት አይሰረዝም፣ ይከፈላል። ደመወዙን ግን ለከርሞ ባንክ እንዲያስገቡለት፣ ወይም ለወንድሙ እንዲልኩለት ከአሠሪው ጋር አጨዳው ሳይጀመር መነጋገር ይችላል።