ያለ ፎንቱ የሚሄድ ፒዲኤፍ

አዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያስተዋወቀው ፒዲኤፍ፣ አንድ ገጽ በተሰናዳበት መልኩ በማናቸውም ኮምፒውተር እንዲታይ የታሰበ የሰነድ ዓይነት ቢሆንም፣ ይህ የሚሆነው ፎንቱ፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ በሰነዱ ውስጥ አብሮ ከገባ ነው። ካልገባ ሰነዱ የፎንቱን ስም ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ የሚከፍተው ኮምፒውተርም ስሙን ከራሱ ፎንቶች መካከል ካጣው በሌላ ይተካዋል።

ሐረር ላይ ችግሩ ጎልቶ ይታያል። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ሲሆኑ አማርኛም በሰፊው ስለሚጻፍ፣ ለምሳሌ በፈላና በር አካባቢ የሚለጠፍ አንድ ማስታወቂያ የግዕዝንና የላቲንን ፊደል ጎን ለጎን ሊይዝ ይችላል። ፎንቱ ያልገባበት እንዲህ ያለ ሰነድ ሲከፈት፣ ተተኪው ፎንት ላቲንን ስለሚያውቅ ኦሮምኛው ደኅና ይነበባል፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ግን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ባለጉዳዩም ያለ ጥፋቱ ቫይረስን ይወቅሳል።

ዝብርቅርቁ ከየት መጣ? ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶችን ከማስገባቱ በፊት፣ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለላቲን በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የሀሁን ቅርጽ ይስሉ ነበር፤ አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስለነበረውም ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ለመከፋፈል ተገደዱ፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ይህን ያህል መሥራታቸው የሚደነቅ ነው። ስለዚህ ዩኒኮድ ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ ከመነሻውም ላቲን ነው፤ አንባቢ «ሐ»ን የሚያየው ቅርጹ ስለተደረበበት ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ ፎንቱን ማስገባት ሁሉን ይፈውሳል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ገጹ ለዐይን ይስተካከላል እንጂ፣ በሰነዱ ውስጥ «ሐረር» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቃሉን አያገኝም፤ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚለጥፍም ያንኑ ዝብርቅርቅ ይለጥፋል። ለረጅም ዘመን ማኅደር እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ፒዲኤፍ/ኤ የተባለው ደንብ እንኳ ፎንት እንዲገባ ቢያስገድድም፣ በዝቅተኛው ደረጃው የሚጠብቀው የገጹን መልክ ብቻ ነው። የጽሑፉ መድኃኒት ዋናውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ለውጦ ፒዲኤፉን እንደገና ማውጣት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ በማንበቢያው ሶፍትዌር የሰነዱን መግለጫ ከፍቶ በፎንቶች ዝርዝር ውስጥ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ፎንቱ እንደገባ የሚገልጽ ቃል መኖሩን ማየት ይበቃል። ሰነድ ላኪዎች ይህን ሳያዩ መላካቸው ስንፍና እንጂ ሌላ ስም የለውም። ዋናው ሰነድ ከጠፋ፣ ስሙ የተጠቀሰውን ያንኑ ፎንት በኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ሰነዱን ዳግም ወደ ፒዲኤፍ ማተም ይቻላል፤ ሆኖም አንዳንድ ሠሪዎች ፎንታቸው በሰነድ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ምልክት ስለሚያኖሩበት ይህ መንገድ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ገጹን በምስል መልክ ማውጣት ነው።